ሳሙና የሚንቅ ውሃ

የሰፈራችን ውሃ ሳሙና ይንቃል።

እያማሁት አይደለም። ንጹሕ ነው፣ ይጠጣል፣ ሲመጣም ደስ ይላል። ግን ሳሙና ስታቀርቡለት ፊቱን ያዞራል። ልብስ ስታጥቡበት አረፋው ብቅ ይልና ይጠፋል፤ በምትኩ አመድ የመሰለ ነገር ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ባቄላ ቀቅሉበት እስቲ። ማገዶው ያልቃል እንጂ ባቄላው አይበስልም። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ ደግሞ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው የምታገኙት። ያም ሆኖ ጉድጓድ ተቆፍሮ ቧንቧ የገባ ጊዜ እልል ብለን ነው የተቀበልነው፤ እልልታችንንም እስካሁን አልመለስንም። መካነ ሰላም ተቀምጦ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባልበት ለኖረ ሰው ቧንቧ ቀላል ነገር መሰላችሁ?

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ አንድ ወጣት አስተማሪ መምህራን ክፍል ውስጥ ጠጋ አለኝ። ከአያቱ የወረሰውን የጢም ብሩሽና ክብ የጢም ሳሙና ይዞ መጥቷል፤ አሁን እንዲህ ያለው የድሮ ነገር ፋሽን ሆኗል አሉ። «ጋሼ፣ አንተ የኬሚስትሪ ሰው ነህ፣ በዚህ ውሃ አረፋ የሚወጣው እንዴት ነው?» አለኝ። መልሱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ይህችን ጥያቄ አንድ ጊዜ በደንብ አድርጌ መልሼ ጉድ ሆኛለሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ነገሩ የአባቴ ነው።

አባባ የቄስ ልጅ ነው። አያቴ ቄስ፣ አጎቶቼ ቄስ፣ የዘር ሐረጋችንን ብትቆጥሩ ጢም በጢም ነው። እሱም ቤተ ክህነት ገብቶ ዜማውን ተምሮ እስከ ዲቁና ደርሶ ነበር። ኋላ የእጅ ጽሑፉ ማማሩ ሌላ መንገድ ወሰደውና ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ተክሎ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። በቤታችን ታሪክ ምላጭ ፊቱን የነካው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አያቴ ሲቆጡት «አባቴ፣ ዳኛ ጽሑፉን ከማየቱ በፊት ጸሐፊውን ያያል» አላቸው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አባባ ለራሱ የሚመች ወሬ ሲያገኝ ቀዳዳውን መድፈን ይችልበታል።

ጢሙን ሲላጭ ማየት የልጅነታችን ቲያትር ነበር። መዳፍ የምታክል መስታወት መስኮቱ ላይ በሚስማር ይሰቅላል። ክብ ሳሙናውን ጣሳ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ ያዞራል፣ ያዞራል፣ ያዞራል። አረፋው እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ጉንጩን ሁሉ ነጭ ያደርግና ወደ እኔና ወደ እህቴ ዞሮ አፍንጫችን ላይ ጠብ ያደርግልናል። ያን ጊዜ ውሃው የምንጭ ነበር፤ የውሃ ነገር ግን ማንም ትዝ አይለውም ነበር።

በነገራችን ላይ በሀገራችን ለትልቅ ሰው አንቱ ነው። አባባን ግን አንተ ነው የምንለው። ራሱ ነው ያዘዘው፤ «አንቱ ስትሉኝ እንግዳ ቤት የመጣሁ ይመስለኛል» አለን።

እንግዲህ ዕድሜ መጣ። እናታችን ዐረፈች። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ኮምፒውተር የያዙ ልጆች ገቡና የአባባን ጃንጥላ ፈላጊ ጠፋ። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤት ዋለ። አብራው የምትኖረው ታናሽ እህቴ የሺ ናት፤ ጸሎተኛ፣ ደግ፣ ነገር የማታበዛ። እኔ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ነኝ፣ ከእነሱ ሃያ ደቂቃ በእግር። ሃያ ደቂቃ ብዬ ስጽፈው እንዴት ቅርብ ነው! በዓል በዓል እሄድ ነበር።

አንድ የበዓል ቀን ብሄድ አባባ ጢም አብቅሏል። ያውም ያልተከረከመ፣ ወዲያና ወዲህ የቆመ። «ምነው አባባ?» አልኩት። «ሳሙናው እንቢ አለኝ» አለ። «ሳሙናው እንኳ የሰው እጅ ያውቃል። እጄ ሞቷል ልጄ።» ቅዳሴ ቀረ፣ ማኅበር ቀረ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ቀረ። ሳይላጭ ከቤት ወጥቶ አያውቅማ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጄ ማርታ ልትዳር ነው። አንድ የአቀስታ ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ ተስማምተን፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። የመጀመሪያ የልጅ ልጁ ናት። በቤታችን ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት የቤቱን ታላቅ ጉልበት ስማ ትመረቃለች፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። እሷም ገና ድሮ «አያቴ ሳይመርቀኝ ከቤት አልወጣም» ብላ ተናግራለች። አባባ ደግሞ አልመጣም አለ። የአቀስታ ሰዎች ፊት በዚህ መልክ አልቀመጥም አለ።

«ፀጉር ቤት ልውሰድህ» አልኩት። «በማሽን ነው የሚላጩት?» አለኝ። አዎ አልኩት። «እሱ ፀጉሩ ለሚሸለት ለለጋምቦ በግ ነው» አለ። «እሺ እኔ ልላጭህ» አልኩት። እዚህ ላይ ተቆጣ። ሰው የሚላጨው ሕፃንና ሬሳ ነው፣ እኔ ሕፃንነቴን ጨርሻለሁ፣ ሌላውም ገና አልደረሰኝም አለ። ተነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ የሺ አንድ ፖስታ ይዛልኝ መጣች። ከአባባ ነው። ከፈትኩት። በዚያ በሚያምር፣ አሁን ትንሽ በሚንቀጠቀጥ እጁ እንዲህ ይላል፦ «ጉዳዩ፦ ምርቃት ስለመስጠት። ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው እኔ አመልካች በዕድሜና በጢም ምክንያት በአካል ለመቅረብ ስላልቻልኩ፣ የልጅ ልጄ ማርታ ትውለድ ትክበድ፣ ከወንበሯ አትነቅነቅ ብዬ የመረቅኋት መሆኑ ታውቆ፣ ምርቃቴ በሌለሁበት እንዲነበብልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ሳቅኩ። ሰው በማመልከቻ ይመርቃል? ሁለተኛ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፤ ለማርታም አላሳየኋት።

በማግስቱ ጓሮ ሆኜ እጄን ስታጠብ ሳሙናው አልለቅ፣ አረፋው አልወጣ ይለኛል። ቆም አልኩ። እንዴ! ሳሙና እንቢ ያለው እኔንም ነው እኮ! የእኔ እጅ ደግሞ ደህና ነው። ሮጥ ብዬ ሱቅ ሄጄ የጢም ሳሙና ገዛሁ፣ በቧንቧ ውሃ ሞከርኩ። እንደ ተበላሸ ወተት ተበጣጠሰ። የታሸገ ውሃ ገዝቼ ሞከርኩ። ኩፍ! ባለቤቴ ሐሙስ ቀን፣ በቀን ብርሃን፣ ፊቴን ሁለት ጊዜ አረፋ ስቀባ አይታ «ሠርጉ የማን ነው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ውሃ ከመሬት ሥር ከድንጋይ ጋር ሲኖር ከድንጋዩ ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚባሉ ነገሮች ይዞ ይወጣል። ሳሙናው ገና ሲነካው ከእነሱ ጋር ይጣበቅና ዝቃጭ ይሆናል፤ ለአረፋ የሚተርፍ የለውም። «ውሃን ምን ያስጮኸዋል? ድንጋይ» ይባል የለ? የኛን ሰፈር ውሃ ደግሞ ድንጋዩ አኮረፈው። የአባባ እጅ አልሞተም! ውሃው ነው! ይህን ለተማሪ በየዓመቱ አስተምራለሁ፣ የገዛ አባቴ ቤት ሲደርስ ግን ትዝ አላለኝም።

በሩጫ ሄጄ ነገርኩት። አዳመጠኝ። ካልሲየሙንም ማግኒዥየሙንም እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «እጁ የሞተ ሰው ውሃ ያማል» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ባዶ እጄን ወጣሁ።

እንግዲያው በዘዴ ነው አልኩ። ጥሩ ውሃ እናመጣለታለን፣ ምንም አንነግረውም፣ አረፋው ሲወጣለት ልቡ ይመለሳል። ግን ጥሩ ውሃ ከየት ይምጣ? ወሩ ኅዳር ነው፣ ጣሪያ ላይ ጠብታ የለም። የታሸገ ውሃ እንዳልወስድ ጠርሙሱን ሲያይ ይነቃል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል የምትገኘው የድሮ ምንጭ ትዝ አለችኝ። ቧንቧ ከገባ ወዲህ ወፍ ካልሆነ የሚጠጣት የለም። ሄጄ ቀመስኳት፣ በሳሙናም ሞከርኳት። እንደ ወርቅ ናት።

ቅዳሜ ማለዳ ቢጫ ጀሪካኔን ይዤ ወረድኩ። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ወደ ምንጯ የሚወርደው መንገድ ወደ ጠበሉም የሚወርደው ያው አንዱ መንገድ ነው። ታች ሲደርስ ነው የሚለየው፤ ጠበሉ በቀኝ፣ ምንጯ በግራ። ከላይ አፋፉ ላይ ለቆመ ሰው ጀሪካን ይዞ የሚወርድ ሁሉ ጠበል ቀጂ ነው።

አፋፉ ላይ መምሬ አያሌው ቆመዋል። የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ጢማቸው ደረታቸውን አልፎ መታጠቂያቸው ሊደርስ ምንም አልቀረው። ጀሪካኑን አዩ፣ ፊታቸው ሐዘን ለበሰ። «ማን ታሞ ነው ልጄ?» አሉኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ለእንዲህ ያለ ጢም ባለቤት፣ በጾም፣ በማለዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ «ለጢም መላጫ ነው» ይባላል? አፍ አለኝ እንዴ? «የለም አባ፣ ለአባባ ነው» ብዬ መስቀል ተሳልሜ ቁልቁል ወረድኩ። ከኋላዬ «እግዜር ይማራቸው» ሲሉ ሰማሁ። መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔዋ ዝምታ ግን ያን ዕለቱኑ ነቀዘች።

ጀሪካኑን ለየሺ ሰጠኋት። እሷ እንኳ እንዳትናገር ፈርቼ ምንጩን አልነገርኳትም። «ይሄ ለአባባ ብቻ ነው፣ ለሌላ ነገር እንዳትነኪው፣ ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅሽም ዝም በይ» አልኳት። አተኩራ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ቋጠረ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድምዬ፣ እንዲህ ያለ ልብ እንዳለህ አላውቅም ነበር» አለች። ለአንድ ጀሪካን ውሃ በዛ ብዬ ገረመኝ፤ ግን ምስጋና ማን ይጠላል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንም ለውጥ የለም። አባባ ጢሙ እንዳለ ነው። የሺ ባዶውን ጀሪካን አቀበለችኝ፣ አዲሱን ትቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ስገባ በሩ ላይ የማላውቀው ጫማ አየሁ። ሼህ ሁሴን ናቸው። የአባባ የልጅነት ጓደኛ፣ እስከ ከላላ ከተማ ድረስ በበቅሎ እየነገዱ የኖሩ ሰው። ስንት ወር አልተያዩም። መደቡ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል፣ አባባ መስኮቱ ጋ ቆሟል። እጁ ላይ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ብሩሽ! ጣሳው ውስጥ ያዞራል። ስለ አንድ የድሮ የመሬት ክርክር ነው የሚያወራቸው፣ ሼሁም «አጂብ ነው!» እያሉ ይገረማሉ። አረፋው ጣሳውን ሞልቶ ጣቱ ላይ ይወርዳል።

ልቤ ዘለለች። ኬሚስትሪ እንዲህ ናት አልኩ በሆዴ። ሼህ ሁሴን ወደ እኔ ዞረው «አብሽር፣ አባትህ አፊያ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ዱዓው ደርሷል» አሉኝ። እኔ የወሎ ሰላምታ ነው ብዬ «አሚን» አልኩ። አባባ ግን ጉንጩን በመዳፉ እየመታ «የታመመ ሰው እንዲህ ይላጫል?» አላቸው። ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁም። በራሴ ደስታ ሰክሬ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማው በዛ። የማኅበሩ ሰዎች፣ ጎረቤት፣ ድሮ ማመልከቻ የጻፈላቸው ገበሬዎች፣ አንዱ ማር ይዞ፣ አንዱ እንቁላል ይዞ። የሺ ዳቦ ቆርሳ መድረስ አቃታት። አባባም በየማለዳው ነው የሚላጨው አሉ። አንዱን ክስ ከመጀመሪያው እስከ ይግባኙ ተርኮ እስኪጨርስ ብሩሹ ጣሳው ውስጥ ይዞራል፤ ፍርዱ ሲሰጥ ፊቱን ይቀባል። እጁ ያው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ይቆርጠውና አገጩ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ይለጥፋል። ግን ይላጫል። «ጥር ላይ እንዳትቀድሙኝ፣ መኪናው መጀመሪያ በእኔ በኩል ይለፍ» ብሎ ላከብኝ። ያን ቀን መምህራን ክፍል ገብቼ የውሃን ነገር ማንም ሳይጠይቀኝ አስረዳሁ። ጥሩ ውሃ ጥሩ አረፋ ሰጠ፣ ጥሩ አረፋ ጥሩ ፊት ሰጠ፣ ጥሩ ፊት ሰው ሰበሰበ። የታላላቅ ሰዎች ችግር መነሻው ትንሽ ነገር ነው ብዬ ንግግሬን ደመደምኩ። አጨበጨቡልኝም፤ አንደኛው በርግጥ የጠመኔ ዱቄት ከእጁ ማራገፉ ነበር።

የሠርጉ ማለዳ ደረሰ። ሱፌን ለብሼ አባባን ላመጣ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ ግማሽ ፊቱ ነጭ፣ ግማሹ ጥርት ያለ። እንደዚያ ቀን ያለ አረፋ በዕድሜዬ አላየሁም። ልጅ ሆኜ እንኳ። እንባዬን እንዳያይ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ቢጫው ጀሪካን ጥግ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ያመጣሁት ነው፤ ማለቅ አለበት ብዬ ላነሳው ብል ከበደኝ። ብዙው አለ።

«የሺ፣ ይሄ ለምን አላለቀም?» አልኳት።

«እንዴት ያልቃል? በባዶ ሆዱ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ ኩባያ ነው የማጠጣው፤ የተረፈውን ቅዳሜ ሲደርስ ወደ እንስራ እገለብጠዋለሁ» አለች።

«ታጠጪዋለሽ? ጢሙንስ በምን ነው የሚላጨው?»

«በቧንቧ ነዋ!» አለች። ከዚያ እንደ እብድ አየችኝ። «በጠበል ጢም ይላጫል እንዴ? ከዚያ ወዲያ እጣቢውን የት ልደፋው ነው? አንተ ሰውዬ፣ ከቄስ ቤት አይደለህም?»

ጠበል ማን አለሽ አልኳት። አንተ ነህ እንጂ አለች። ለአባባ ብቻ ነው፣ ለሌላ እንዳትነኪው፣ ከየት ነው እንዳትይ ያልከኝ ማን ነው? መምሬም «ሲወርድ አይቼዋለሁ፣ ስለ አባቱ እንዴት እንደጨነቀው ከፊቱ ይነበባል» ብለው ነግረውኛል። አገሩ ሁሉ ነው የሰማው። ይሄ ሁሉ ሰው ታዲያ ምን ሊያደርግ የመጣ መሰለህ? ሊጠይቀው ነዋ! ጠበል የሚቀዳለት በሽተኛ ቤት ሰው ሳይመጣ ይቀራል?

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሱፌ ጥላሸት ነካው፤ ኋላ ባለቤቴ የተናገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ለካ ከዚያ ጀሪካን አንዲት ጠብታ የአባባን ጢም አልነካችም። አረፋው የወጣው በዚያው ሳሙና በሚንቀው ውሃ ነው። የተንቀጠቀጠው እጅም ያው የተንቀጠቀጠው እጅ ነው።

ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ። «አባባ፣ አረፋው እንዴት ወጣ?»

ምላጩን ከጉንጩ አንስቶ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ምን ማለትህ ነው? ስታሸው ይወጣል።»

«ድሮ እንቢ ብሎህ አልነበር?»

«ብቻዬን ሳለሁ ሁለት ጊዜ ዞር ዞር አደርገውና እተወዋለሁ» አለ። «ማን ሊያየኝ ብዬ ነው የምታገለው? ኋላ ሰዎቹ ታመምክ እያሉ መጡ። ተናደድኩ። አለመታመሜን ላሳያቸው ብሩሹን አነሳሁ። ሰው ካለ ደግሞ ወሬ አለ። ወሬው እስኪያልቅ እጄ ያዞራል፤ ዝቅ ብዬ ሳይ አረፋው ሞልቷል።» ምላጩን መለሰና ደግሞ አቆመው። «ውሃው ጠበል እንዳልሆነም አውቃለሁ። የቄስ ልጅ ነኝ፣ የዚያን ምንጭ ውሃ እየጠጣሁ ነው ያደግሁት። የሺ ደስ ሲላት ጊዜ ጠጣሁላት።»

ይህንንም እኮ አስተምራለሁ! በእንዲህ ያለ ውሃ መጀመሪያ ያለው ሳሙና ከድንጋዩ ጋር ሲታገል ያልቃል። ታግሶ ለጨመረበትና ረጅም ጊዜ ላሸው ሰው ግን የተረፈው አረፋ ይሆናል። መጽሐፉ ላይ አለ። እኔ ግን የምንጭ ውሃ ሳመላልስ ከረምኩ። አባቴ ያጣው ወሬ የሚሰማው ሰው ሆኖ ሳለ፣ እኔ በየቅዳሜው ጀሪካን አስቀምጬ፣ ቆሜ፣ ሰዓቴን አይቼ እወጣ ነበር። ሊጠይቁት ከመጡት ሁሉ ያልተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። አፈርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አላላበኝም።

ሠርጉማ ደመቀ። አባባ ነጭ ጋቢውን ለብሶ የአቀስታ ሰዎች ፊት ቁጭ አለ። ማርታ ጉልበቱን ሳመች። እሱ ጎንበስ ብሎ ጉንጩን ጉንጯ ላይ አሳረፈና መረቃት፤ የአገጩ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ተላቆ ቬሏ ላይ ቀረ። ማንም አላነሳው። ውለጂ፣ ክበጂ፣ ባለጠጋ ሁኚ ሲል ድምፁ አደባባይ ተሰማ፤ «አሜን» ስንል ሼህ ሁሴንም «አሚን» አሉ። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ማመልከቻ ዳበስኳት። አልተነበበችም።

ከሠርጉ ማግስት ደክሞኝ ተኝቼ ሳለ የሺ ደግሞ ፖስታ ይዛ መጣች። ከአባባ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የቅዳሜ ውሃ እንዳይቋረጥ ስለመጠየቅ።

ከላይ በርእሱ እንደተገለጸው ሠርጉ በሰላም የተጠናቀቀ ስለሆነ ውሃው ሊቋረጥ ይችላል የሚል ሥጋት አድሮብኛል። ስለዚህ ውሃው እንደ ቀድሞው ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲቀርብልኝ፤ ውሃው የማይገኝ ከሆነም አምጪው ባዶ እጁን መጥቶ ቁጭ እንዲል በትሕትና አመለክታለሁ።

ማሳሰቢያ፦ ሳሙናውም ወሬ በበዛበት ጊዜ አልቋል።

ግልባጭ፦ ለየሺ።»